የአሮጌው ሞተር አዲስ መብራት

አንድን ዕቃ እርሱነቱን የሚሰጠው ምንድን ነው? የተሠራበት ብረት ነው ወይስ የሚሰጠው አገልግሎት? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። እኔ ግን የገጠመኝ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ማዮ በተባለው ሰፈር፣ ከአንድ የቆርቆሮ ጋራዥ ደጃፍ ነው። ማዮ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት ሲሆን፣ ከሀገራችን የተሰደድን ጥቂቶችም በመካከላቸው እንኖር ነበር።

ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወገናችን ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የተባለ ሞተር ብስክሌት ነበራቸው። ይህ 500 ሲሲ ገደማ ያለው እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለብሪታንያ ጦር ከ100 ሺህ በላይ ተመርቷል። ጥንካሬውን የሚጠራጠር የለም፤ መብራቱ ግን ደካማ ነው። ባለ 6 ቮልቱ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ባትሪውን አይሞላም። በዚያም ላይ እኩል ኃይል ለማድረስ የ6 ቮልት መስመር የ12 ቮልቱን እጥፍ ከረንት ስለሚጠይቅ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ምሽት ሽማግሌው ውኃ በአህያ የሚያመላልስ ልጅ በጨለማ ሳያዩት ቀርተው፣ ለጥቂት ሳይገጩት አለፉ።

መካኒኩ መላ ነበረው። «አባባ፣ ዲናሞውን አንስተን በቺንጋ የሚዞር ትንሽ አልተርኔተር እንግጠምለት» አላቸው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ፑሌጃ ይገባል፤ ቺንጋው አልተርኔተሩን ያዞራል፤ ተለዋዋጩ ከረንት በዳዮድ ወደ ቀጥተኛ ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪውና አምፖሎቹም በባለ 12 ቮልት ይተካሉ። ሽማግሌው ግን፣ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ከእኔ ጋር ያረጀ ነው። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ስትቀይርበት የሚቀርልኝ የቱ ነው?» አሉ።

ጥያቄያቸው ጥንታዊ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ሲያቆዩት፣ ፈላስፎቹ «ያው ነው»፣ «ያው አይደለም» በሚል ተከፈሉ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስም በ1655 ክርክሩን አከረረው፤ የተነሡትን ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢያቆምባቸውስ፣ እውነተኛው የትኛው ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ዕዳችን ለማን ነው? ለትናንቱ ሠሪ ዕዳ አለብን፤ የእጁን ሥራ ያለ ምክንያት ማበላሸት ውለታ መብላት ነው። በጨለማ መንገድ ለሚያልፈው ልጅም ዕዳ አለብን። ሁለቱ ሲጋጩ ሕይወት ያለው ይቀድማል። መቅደሙ ግን የሌላውን ዕዳ አይሰርዘውም። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2008 በሀገሩ እንደገና ሲቆም፣ ክፍሎቹ የተያያዙት ጥንታውያኑ በማያውቁት ሰው ሠራሽ ፋይበር ነው። በዚህ ምክንያት ሐውልቱ የአክሱም መሆኑ ቀረ የሚል ግን አላጋጠመኝም።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉንም መለወጥ ይቻላል» የሚል ይኖራል። የለም፤ ለውጥ ልክ አለው። ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ የተስማሙት በሦስት ነገር ነው፤ ሻንሲው እንዳይቆረጥ፣ የወጣው ዲናሞ ተጠብቆ እንዲቀመጥ፣ ሞተሩ ወደ ሌላ እጅ ቢሄድ አዲስ የገባው እንዳይደበቅ። ብልጭታውን የሚሰጠው ማግኔቶም ሳይነካ ቀረ። ከሦስቱ ከባዱ መጨረሻው ይመስለኛል። ለውጥ ክህደት የሚሆነው በተደበቀ ጊዜ ነውና።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሁላችንም ተበተንን። ሽማግሌው ወደ መተማ ከመነሣታቸው በፊት ሞተሩን ለሱዳናዊ ጎረቤታቸው ሰጡ። ዲናሞውንም ከነተጠቀለለበት ጨርቅ አስረከቡና፣ የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በጣታቸው እያመለከቱ አስረዱት።

እኛ ስደተኞችስ? አነጋገራችን፣ አለባበሳችን፣ እንጀራችን አንድ በአንድ ተቀይሮብናል። ምን እንደተቀየረብንና ለምን እንደተቀየረ ሳንደብቅ ለልጆቻችን መንገር ከቻልን፣ «ያው ነን» ለማለት ድፍረቱ ይኖረናል።