የጋሻ ሠሪው ሕሊና

በአባቶቻችን ዘመን ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ይበጅ ነበር። ጦር ይወጋል፣ ጋሻ ግን ይመክታል፤ ስለዚህም ከሁለቱ ንጹሑ ጋሻ ይመስላል። የዛሬው ጋሻ የሚመጣውን ሚሳይል በሰማይ ላይ አግኝቶ የሚያከሽፍ ሌላ ሚሳይል ነው። ይህን ለመሥራት ብዙ መሐንዲሶች ዕድሜ ልካቸውን ይደክማሉ። ምሕንድስና ተምሮ እንዲህ ያለ ሥራ የቀረበለት ወጣት ክርስቲያን፣ «የምሠራው ለመግደል ሳይሆን ለማዳን ነው» ቢል መልሱ ይበቃዋልን?

በመጀመሪያ መልካሙን መልካም ማለት ይገባል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናችን ዓለም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሰነድ፣ የሰላም መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ መንግሥታት ሕዝባቸውን የመከላከል መብት እንደማይነፈጋቸው አስተምሯል። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የምትጠቀምበት አይረን ዶም የተባለው መከላከያ፣ የተተኮሰው ሮኬት የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ ያሰላል፤ ባዶ ሜዳ ላይ የሚወድቀውን ይተወዋል፤ ወደ መኖሪያ ቤቶች የሚያመራውን ግን ለማክሸፍ ይተኩሳል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በአሽቀሎን፣ ልጇን ይዛ ወደ መጠለያ የምትሮጥ እናት ይህን ሥራ ከንቱ ነው አትልም።

ሆኖም ጋሻ ብቻውን ወደ ጦር ሜዳ አይወጣም፤ በአንድ እጁ ጋሻ የያዘ በሌላው ጦር ይይዛል። ጋሻው የጸናለት ሰው ወይ ይታገሣል፣ ወይ ይደፍራል። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1972 የፀረ ሚሳይል መሣሪያቸውን በውል የገደቡት ይህን በመረዳት ነበር፤ አንዱ ጋሻውን ባጠነከረ ቁጥር ሌላው ያንን ጋሻ የሚያልፍ ብዙ ሚሳይል ለመሥራት ይገፋፋልና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ከውሉ ወጥታለች። ያው ጉባኤም የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም የጸና ሰላም እንደማያመጣና ድሆችን እጅግ እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። ደግሞም ከአሽቀሎን ማዶ በጋዛ ያለችው እናት እንዲህ ያለ ጋሻ የላትም። ስለዚህ መሐንዲሱ «ምን እሠራለሁ?» ከማለት አልፎ፣ «ጋሻውን የያዘው ሰው በሌላው እጁ ምን ያደርጋል? ከጋሻው ውጭ የቀረውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን፣ አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳይል በአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ገደለ። ሊያከሽፈው የነበረው ፓትሪዮት አልተተኮሰም። ኮምፒዩተሩ ጊዜን ሲቆጥር እጅግ ጥቂት ይስት ነበር፤ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል በመሥራቱም ስሕተቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ሚሳይሉ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነበር። በጋሻ ሥራ ትንሽ ስሕተት የለም፤ ሌሎች ሕይወታቸውን ተማምነውበታልና።

ፕሬዚደንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1983 አገርን ከኑክሌር ሚሳይል የሚሸፍን መከላከያ እንዲጠና ካሳወቁ በኋላ፣ ዴቪድ ፓርናስ የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ከአማካሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመርጠው ነበር። እኚህ ሰው የመከላከያን ሥራ በጠቅላላ የሚነቅፉ አልነበሩም፤ ለአሜሪካ ባሕር ኃይልም ሠርተዋል። ነገር ግን በእውነተኛው ሁኔታ አስቀድሞ ሊፈተን የማይችል ፕሮግራም ሊታመን እንደማይችል ስለተረዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ ምክንያታቸውንም በግልጽ ጻፉ። ሕዝብን በሌለ ጋሻ ማጽናናት ለእርሳቸው ከባለሙያ የማይጠበቅ ነገር ነበር።

እንግዲህ የመከላከያ መሣሪያ መሥራት በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም፤ ጋሻ ስለ ሆነ ብቻም ከጥያቄ ነጻ አይሆንም። ውል የሚፈርም ሰው ዕውቀቱንና ጉልበቱን ያከራያል እንጂ ሕሊናውን አይሸጥም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የቀረበለት ወጣት ምክር ሲጠይቃችሁ ለመኰነንም ለመባረክም አትቸኩሉ። ይልቁንም ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሥራህ የሚጠብቀው ማንን ነው? ጉድለቱን ስታይ አለቆችህ ፊት እውነቱን ለመናገር ትደፍራለህ? ጋሻው ለዐመፅ መሸፈኛ ሲሆን ብታይ ደመወዝህን ትተህ ለመውጣት ትችላለህ? ለሦስቱም በቅን ልብ የሚመልስ ወጣት ወደዚያ ቢገባም ባይገባም፣ ሕሊናው አብሮት ይኖራል።