«ልክ» በሁለት ፍቺው

በአማርኛ «ልክ» አንድም መጠን ነው፣ አንድም ትክክል። ለካንሰር ሕክምና የሚውለውን የኒውትሮን ጨረር መለካት ሁለቱ ፍቺዎች እስከ ምን ድረስ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ያስጠይቃል።

ኒውትሮን በአቶም አስኳል ውስጥ ያለ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት በመሆኑ በቀጥታ አይመዘገብም፤ የሚታወቀው ገፍቶ ባስነሣው በሌላ ቅንጣት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቻድዊክም እ.ኤ.አ. በ1932 መኖሩን ያረጋገጠው ከፓራፊን ሰም ተፈናጥረው የወጡትን ፕሮቶኖች መዝግቦ እንጂ ኒውትሮኑን ራሱን አግኝቶ አልነበረም። ዛሬ የአረፋ መለኪያ በሚባለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ፣ በዝልግልግ ነገር ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ከመፍያ ሙቀታቸው አልፈውም ሳይፈሉ ይቆዩና፣ ኒውትሮን የገፋው ቅንጣት ሲመታቸው አረፋ ይሆናሉ፤ ለኪውም አረፋውን በዐይኑ ይቆጥራል።

ለማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና ከዕጢው አጠገብ ሲቀመጥ የኖረው ካሊፎርኒየም-252፣ አንድ ማይክሮግራሙ (የግራም ሚሊዮንኛው) በሰከንድ 2.3 ሚሊዮን ያህል ኒውትሮን ይለቅቃል፤ ጋማ ጨረርም አብሮ ስለሚወጣ፣ አንዱ ለሁለቱም፣ ሌላው በአብዛኛው ለጋማ ብቻ ምላሽ የሚሰጥ ሁለት መለኪያ ተይዞ ልዩነቱ ይሰላል። ውጤቱ በግሬይ ይገለጻል፤ ግሬይ አንድ ኪሎግራም አካል የተቀበለው የአንድ ጁል ጉልበት ነው። እስከዚህ ድረስ «ልክ» መጠን ብቻ ነው።

ነገር ግን አንድ ግሬይ ኒውትሮን ከአንድ ግሬይ ጋማ ይልቅ ሕዋሳትን የበለጠ ይጎዳል፤ ስለዚህ ለጨረር ጥበቃ ሲባል ግሬዩ በማባዣ ተባዝቶ ሲቨርት ይሆናል። ማባዣው እንደ ኒውትሮኑ ጉልበት እስከ 20 ገደማ የሚደርስ ሲሆን፣ የሚወስነው ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ነው። «20 እጥፍ» የሚለው አኃዝ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ቢሆንም፣ ማስረጃ ተመርምሮ የተሰጠ ፍርድ እንጂ ማንም መሣሪያ ያነበበው ቁጥር አይደለም፤ ኮሚሽኑም የኒውትሮኑን ማባዣ እ.ኤ.አ. በ2007 አሻሽሎታል።

በሕክምናው በኩል ፍርዱ ሲስት ምን እንደሚሆን ከሮበርት ስቶን ሥራ ይታያል። ስቶን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕሙማንን በኒውትሮን ሲያክም፣ ኒውትሮንን ከሌላ ጨረር ጋር የማነጻጸሪያው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ከፍተኛ መጠን የተገኘ ነበር፤ መጠኑ በየቀኑ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ግን ኒውትሮኑ ከተገመተው በላይ ይጎዳ ስለነበር፣ ዕጢያቸው የጠፋላቸው ጭምር ከዓመታት በኋላ ቆዳቸው ደርቆና ጠንክሮ ተገኘ።