ብርድ ልብሱን ለሚተኛው ሰው ሥሪው

የኔ ልጅ፣ ኪሮሽ ይዘሽ ትልቅ ብርድ ልብስ መጀመርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አሠራሩ ጉብጉብ ያለ መሆኑም መልካም ነው። ለሶፋ ማልበሻ ነው መባሉ ግን አልተዋጠልኝም። በየቤቱ የማየው ይህንኑ ነው፤ ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ፣ ለሶፋው ራስጌ፣ ለረከቦቱ ሲሆን፣ ልጆቹ ሌሊቱን ጉልበታቸውን ከአገጫቸው አጋጥመው ያድራሉ። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው ቤት ነው። ያለሽበት ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ዳባትም ብትሆን አትሻልም። እናም ምክሬ አንድ ነው፤ ለእንግዳ ዓይን ሳይሆን ለሚተኛው ሰው ሥሪው። ማማሩ አይቀርም።

ጉብታውን ለጌጥ ብቻ የምታይው ከሆነ ግማሽ ጥቅሙ ያመልጥሻል። ጋቢ የሚሞቀው አራት ድርብ ስለሆነ ነው። በድርቡና በድርቡ መካከል አየር ይቀራል፤ ያ አየር የገላን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ነጠላ ከዚያው ጥጥ ተፈትላ ለብርድ የማትሆነው ስስ ስለሆነች ነው። የኪሮሹ ጉብታም ከሥሩ ባዶ ቦታ አለው፤ አየሩ እዚያ ይታገታል። ስለዚህ ቀዳዳ የሚበዛበትን አበባ ለጠረጴዛ ተይውና ለአልጋ ጥቅጥቅ ያለውን ያዢ።

አሠራሩን ልንገርሽ። ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥመሽ ወደ ዐይኑ ታስገቢና ክር ስበሽ ታወጫለሽ። ከዚያ ክሩን በሁለት ቀለበት ብቻ ታሳልፊና ሳትጨርሺው ትተይዋለሽ። እዚያው ዐይን ላይ ይህንኑ የመጀመሪያውን ጨምሮ አምስት ጊዜ ስትሠሪ ኪሮሹ ላይ ስድስት ቀለበት ይሰለፋል። ያኔ ክሩን በስድስቱም ውስጥ ባንዴ ትስቢዋለሽ። ጉብታው ብቅ የሚለው ከወዲያ በኩል ነው፤ ስለዚህ የሚሠራው ጀርባው ወደ አንቺ በዞረበት ረድፍ ነው። ፊቱ ሲዞርልሽ አጭሩን ስፌት ብቻ እየሠራሽ ትመለሻለሽ። ከጉብታው ቀጥላ ያለችው ስፌት ጠበቅ ትበል፤ እሷ ከላላች ጉብታው ይሰምጣል። በየረድፉም መጨረሻ ዐይን ቁጠሪ። የመጨረሻዋ ዐይን ጠርዙ ላይ ተኝታ ስለማትታይ ትዘለላለች፤ እንዲህ አንዳንድ እየጎደለ ሲሄድ ብርድ ልብሱ ወደ ላይ እየጠበበ ይመጣል።

ስህተት ካገኘሽ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ፍቺው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለሸማኔ ይስማማል፤ እሱ ብዙ ድር ወጥሮ ማግ ያስገባበታል። ኪሮሽ ድር የለውም፤ አንድ ክር ከራሱ ጋር እየተያያዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሲፈታ ክሩ እንዳለ ይመለሳል፣ የሚባክን ነገር የለም። ሁለት ረድፍ ፈትቶ መልሶ መሥራት የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ሃያ ረድፍ ካለፈ በኋላ ግን እጅሽ እምቢ ይልና «ማን ያይብኛል» ማለት ትጀምሪያለሽ። ያው አንድ ክር መሆኑ አደጋም አለው፤ ጫፉ ካመለጠ ይተረተራል። ክር በቀጠልሽ ቁጥር ጭራውን አንድ ስንዝር አስቀሪና በመርፌ ወዲያና ወዲህ እያመላለስሽ ስፌቱ ውስጥ ቅበሪው።

ስለ ልኩ፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ለሁለት ሰው አልጋ ከ2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ያነሰ ብርድ ልብስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓተት ያድራል። ጉብጉቡ ክር ይበላል፣ አስቀድመሽ እወቂው። በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ አንድ የ100 ግራም ክር እስኪያልቅ ሥሪና ለኪው፤ 35 ሳንቲ ሜትር በ35 ሳንቲ ሜትር ከሸፈነልሽ፣ ለአልጋው 36 ያህል ያስፈልግሻል ማለት ነው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ። ገንዘቡ አንዴ ካልሞላ አጠራቅመሽ ቆይተሽ ባንዴ ግዢ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ዛሬ አሥር፣ ከወር በኋላ አሥር የገዛሽ እንደሆነ፣ ቀዩ ከቀዩ አይገጥምም። የክሩ ወረቀት ላይ የቀለሙ ቁጥር አጠገብ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ፤ ሁለቱም አንድ ይሁኑ።

አሁን ደግሞ ዋናው፣ ክሩ። ሱቅ ውስጥ ሱፍ ብለው የሚሸጡልሽ አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ ክር እንጂ በግ የሚባል አያውቅም። አትግዢው አልልሽም፤ ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ግን ለይተሽ እወቂው። ጣት የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ያዢና እሳት አስነኪው። የበግ ሱፍ እየተኮማተረ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊኩ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ቀልጦ ገላ ላይ ከተጣበቀ ቃጠሎው ክፉ ነው። እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ የለበሰ ልጅ ምድጃ ዳር አታስቀምጪ።

ምድጃ ካነሣሁ ስለ ከሰልም ይህን ሳልል አላልፍም። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም፣ ይገድላል። ጥሩ ብርድ ልብስ ያለው ቤት ማንደጃውን ደጅ አውጥቶ መተኛት ይችላል። ለሶፋው አይሁን ያልሁሽ ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

የበጉን ሱፍ ካገኘሽማ ምን ትፈልጊያለሽ! የሰሜን በግ ከጠጉሩ ሥር የሱፍ ሽፋን ያለው በግ ነው፤ ደጋው ያለበሰው ነው። መንዞች ባና እና ዝተት የሚባሉትን ልብሶች የሚሠሩት ከበግ ጠጉር ነው። ጠጉሩ ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ወፍራም ክር ይወጣዋል፤ ለኪሮሽ ወፈር ያለ ክር ምን ይጠላል? ገላ ይኮሰኩሳል፤ ከሥሩ አንሶላ ወይም ያረጀ ጋቢ አድርጊበት። በ2008 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከነበረችው የጊች መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ጎረቤቶች አሉሽ። ከ3,500 ሜትር በላይ ባለ ቀዬ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ናቸውና ሄደሽ ቡና እየጠጣሽ ጠይቂያቸው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ።

የሱፉን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈሽ እጠቢ። በሙቅ ውኃ ካሸሽው ይኮማተራል፣ አይመለስም። አትጭመቂው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን ካስመጠጥሽ በኋላ ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂ። በገመድ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ሣጥን ውስጥም ለክብር እንግዳ ብለሽ አታኑሪው። ብል ጨለማና የማይነካ ልብስ ይወዳል፤ በየሌሊቱ የሚለበሰውን፣ በየጊዜው ፀሐይ የሚያየውን አይደፍረውም።

ስለ መሸጥ ብዙ አልልም። ወደ ፓርኩ የሚያልፈው ቱሪስት አይቶ ይወደው ይሆናል። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ ገበያ የሚወጣው እውነተኛ ኪሮሽ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ይህን አውቀሽ ዋጋ ቁረጪ። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ፣ የድንች በሽታ አየርላንድን ባስራበ ጊዜ፣ ሴቶቹ የኪሮሽ ዳንቴል እየሸጡ ቤታቸውን ደግፈዋል። የክሩን ዋጋ ብቻ አስበሽ አትስጪ፤ ያመሸሽባቸውን ሌሊቶች ቁጠሪያቸው። የመጀመሪያው ግን ከቤትሽ አይውጣ።

የጀመርሽውን ሶፋ ልክ ነው ብለሽ አትፍቺው። በቁመቱ ጠርዝ በኩል ዐይን አንሥተሽ ወደ ጎን ማስፋት ይቻላል፤ የረድፉ አቅጣጫ ይለወጣል እንጂ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያምርበታል። ክሩ ካጠረሽ የወረቀቱን ሁለቱንም ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው አይጠፋም፤ አስፈልግልሻለሁ።