አፈሩ፣ እጁና ስሙ

የጥንታዊት ግብፅ ስም በተነሣ ቁጥር በሰው ኅሊና ቀድሞ የሚደቀነው ፒራሚድ ነው፤ ከፒራሚዱም ቀጥሎ የቱታንካሙን የወርቅ ጭምብል። ሁለቱም የነገሥታት ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ፒራሚድ ከመቆሙ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በዓባይ ዳር የሰፈረው ሕዝብ ዛሬም ዓይን የሚይዝ ሸክላ ይሠራ ነበር። ይህን ሸክላ በመስተዋት ውስጥ የሚያይ ሰው ውበቱን አድንቆ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም፣ ሥራውን እያከበሩ ሠሪውን መናቅ ይቻላልን? ጥያቄው ለግብፅ ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ለአዴት ገበያም የቀረበ ነው።

አዴትንና የግብፅን ሸክላ በአንድ ትንፋሽ ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የሚያገናኛቸው ግን ተረት ሳይሆን አፈር ነው። ከአዴት በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰከላ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይፈልቃል፤ ግልገል ዓባይ ተብሎም ወደ ጣና ይወርዳል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ደግሞ እነላህ፣ ብርና ፈጠም ቁልቁል ወደ ታላቁ ዓባይ ይጎርፋሉ። በክረምት ቀልተው ሲወርዱ የሚሸከሙት የደጋውን አፈር ነው። የግብፅን ሜዳ በየዓመቱ ሲያለብስ የኖረው ደለል አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ በኩል የሰደደው ነው። የጥንት ግብፃውያን በዚሁ ደለል ምክንያት አገራቸውን «ጥቁር ምድር» ይሏት ነበር፤ ቀዩን ሸክላቸውንም የሠሩት ከዚሁ ደለል ነው። ከዚህ ተነሥቶ የግብፅ ሥልጣኔ የኛ ነው ብሎ መፎከር ግን አይከብድም፤ አይጠቅምምም። አፈር መስጠትማ ጎርፍም ይሰጣል። ጥበቡ የእጅ ነው።

በላይኛው ግብፅ ናቃዳ በሚባል ስፍራ ከተገኙት ሸክላዎች ቀደምቶቹ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 እስከ 3500 ዓመት ገደማ የተሠሩት፣ ገላቸው ቀይ፣ አፋቸው ጥቁር ነው። ሠሪዎቹ መንኮራኩር አልነበራቸውም። ጭቃውን በእጅ አሳደጉት፤ በለስላሳ ጠጠር እያሹ አበሩት፤ ከዚያም ለእሳት ሰጡት። ቅላቱ እሳትና አየር ተገናኝተው ያወጡት ቀለም ሲሆን፣ ጥቁረቱ ደግሞ አየር ያጣ ጢስ የተወው ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሸክላ የሴት ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሯን መርጣ ትቆፍራለች፤ ጠጠሩን ትለቅማለች፤ እሳት እንዳይሰነጥቀውም ያረጀ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። እርሷም ያለ መንኮራኩር በእጇ ታንጻለች፤ በጠጠር ታለሰልሳለች፤ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ታቃጥላለች። ድስቱና ጀበናው የሚጠቁረው ገና ከእሳቱ ሳይበርድ በገለባ ወይም በቅጠል ሲታፈን ነው። ይህ መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አፈርና እሳት የሚፈቅዱት መንገድ ጥቂት በመሆኑ፣ የሚያስተውል እጅ ሁሉ በየአገሩ ይደርስበታል። ማስተዋሉ ግን ዕውቀት ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ሲሳሳቱበትም አንድ ወር የተደከመበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት እሳት የሚያስበላ ዕውቀት።

እንግሊዛዊው የቁፋሮ ሊቅ ፍሊንደርስ ፔትሪ ናቃዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 ከ2000 በላይ መቃብሮች ከፈተ። በመቃብሮቹ ውስጥ ጽሑፍ አልነበረም፤ የንጉሥ ስም አልነበረም፤ የነበረው ሸክላ ነው። በመጀመሪያ እንዲያውም ተሳስቶ፣ የግብፃውያን ሳይሆን ከውጭ የፈለሰ «አዲስ ዘር» መቃብር ነው ብሎ ነበር። ኋላ ግን ማሰሮዎቹን እርስ በርስ እያስተያየ፣ የአንዱ ዓይነት ማሰሮ እጀታ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ የጌጥ መሥመር ብቻ ሆኖ እስኪቀር ድረስ ተከተለው፤ በዚህም ዘዴ መቃብሮቹን በየተራቸው ደረደራቸው። መጻፍ ያልተጀመረበት ዘመን ታሪክ በሸክላ ሠሪ ጣት ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው። ጽሕፈትም ሲጀመር ከሸክላው አልራቀም፤ አቢዶስ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ዓመት ገደማ ከተሠራ የአንድ ሹም ወይም ንጉሥ መቃብር ከወጡት ቀደምት የጽሕፈት ምልክቶች ከፊሎቹ በማሰሮ ገላ ላይ በቀለም የተጻፉ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ስም መጣ፤ የመጣውም የንጉሥ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 ሂራኮንፖሊስ ላይ በተደረገው ቁፋሮ የተገኘው የናርመር ሰሌዳ 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አረንጓዴ ቀመስ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በመሠረቱ የኩል መፍጫ ነበር፤ መካከሉ ላይ ለኩሉ የተተወ ክብ ጉድጓድ አለው። ከላይ የናርመር ስም ተቀርጿል፤ ከሥሩም ንጉሡ ዱላውን አንሥቶ የተንበረከከ ምርኮኛ ሲመታ ይታያል። ከንጉሡ በስተ ኋላ ግን ቁመቱ ከንጉሡ ጉልበት እምብዛም የማያልፍ አንድ አገልጋይ ቆሟል። በአንድ እጁ የንጉሡን ጫማ፣ በሌላው ትንሽ ማሰሮ ይዟል። የድል አድራጊነት ሥዕል እንኳ ማሰሮ አስፈልጎታል። የማሰሮው ሠሪም፣ የሰሌዳው ቀራጭም ስማቸው የለም። በኋላ ዘመን ስሙ ከንጉሥ ጆሴር ሐውልት ሥር የተቀረጸለት ኢምሆቴፕ ብቅ ይላል፤ እርሱ ግን ጥበበኛ ብቻ ሳይሆን ባለሥልጣንም ነበር።

ስም መታጣቱ ብቻውን በደል ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ የሣሉ ብዙዎች ስማቸውን አልተዉም፤ አለመተዋቸውም ትሕትና እንጂ ውርደት አልነበረም። ዳሩ ግን ጎጃም ስም መያዝ የማይችል አገር አይደለም። የቅኔውን ሊቅ፣ የጎንጁን ተዋነይን ስም መቶ ዓመታት አሻግሮ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። ተማሪው ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ የሠራችው ሴት ስም ግን በሕይወት ሳለችም በስድብ ተለውጧል፤ «ጠይብ» ተብላለች፤ «ቡዳ» ተብላለች። በዓይኗ ሰው ትበላለች ተብሎ ልጅ ተሰውሮባታል፤ ጋብቻ ተከልክላለች፤ ርስት ተነፍጋለች። ዓለም በኩል ያስጌጠው ዓይን በእርሷ ላይ ሲደርስ ወንጀል ሆኗል። ስም ማጣትና ክፉ ስም መቀበል አንድ አይደሉም።

ግብፃውያንም ከዚህ ንጹሐን አልነበሩም። የዱአ ኬቲ ትምህርት በሚባለው ድርሰት አባት ልጁን ወደ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤት ሲወስደው፣ ባለ እጆችን በየተራ እያነሣ ያንቋሽሽለታል፤ ቀጥቃጩንም፣ ሸክላ ሠሪውንም። ይህን ያነበበው ያው ሕዝብ ግን ክኑም የተባለው አምላክ፣ የዓባይ ሙላት ጌታ፣ ሰውን በሸክላ መንኮራኩር ላይ አበጀው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ላይ የጎጃም ሰው ሊስቅ አይገባውም። ሰው ከምድር አፈር መበጀቱንና ግዮን የኢትዮጵያን ምድር መክበቡን የሚናገረው የኦሪት ዘፍጥረት አንዱ ምዕራፍ፣ ሁለተኛው ነው። ፈጣሪውን በአበጃጀቱ እያመሰገነ ከጭቃው ፊት የተቀመጠችውን የሚሸሽ አማኝ፣ ሃይማኖቱን ከየትኛው ገጽ ላይ እንዳቋረጠ ሊጠየቅ ይገባል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጾታ ሳይለይ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲደርስ ደነገገ። አዋጅ አፍ ሊዘጋ ይችላል፤ ማሳም ሊያስለካ ይችላል፤ ልጅን ለጋብቻ ማስጠት ግን አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የናቃዳን ማሰሮ ማክበር ለማንም አይከብድም። ሠሪው ሞቷል፤ ዓይኑ አያይም፤ ልጅ አይጠይቅም፤ ዋጋ አይከራከርም። የተማረው ሰው ከዚያ ማሰሮ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል፤ በቤቱ ያለችው ጀበና የተሠራችበትን መንደር ግን ስሙን አይጠይቅም። ይህ የሥነ ጥበብ ፍቅር ይሁን የርቀት ፍቅር ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

በአዴት የገበያ ቀን ሸክላው መሬት ላይ ይደረደራል፤ ምጣዱ ተደግፎ፣ እንስራው ቆሞ፣ ጀበናዎቹ በገለባ መካከል። ገዢዋ መጥታ ትጎነበሳለች። ድስቱን አንሥታ በጣቷ ጫፍ ታንኳኳውና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ የተሰነጠቀ ዕቃ ድምፁ ይታወቃልና። ዋጋ ትቀንሳለች፤ ሠሪዋ ትጨምራለች። በመጨረሻ ትስማማለች፤ ድስቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ቤቷም ስትደርስ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። ሠሪዋ ያልተሸጠውን ከገለባው ጋር ሰብስባ፣ ሳይመሽ ትነሣለች። መንገዱ ረጅም ነው፤ በጀርባዋ ያለው እንስራም አንድ ጊዜ ብትደናቀፍ ወደ ገልነቱ ይመለሳል።