ዓይናችንን ማን አስተማረው?

«ልብ የወደደውን ይወዳል» እንላለን። እውነት ነው፤ ፍቅር በግድ አይሆንም። ነገር ግን ዓይናችንን ማን አስተማረው? በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ነጩ ሪቻርድ ላቪንግና ጥቁሯ ሚልድሬድ በመጋባታቸው ብቻ እ.ኤ.አ. በ1958 ታሰሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በ1967 ሻረው። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ሕጉ ያስለመደው ዓይን ግን ቶሎ አይለወጥም። እኛስ «ቀይ ናት» ስንል ማመስገናችን፣ «ጥቁር ነው» ስንል ማሳነሳችን አይደለምን? ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ እኅቱ ማርያም ባማችው ጊዜ የተቀጣችው ሐሜተኛዋ ናት። አንዱን መርጦ መውደድ በደል አይደለም፤ ሰውን ሳያውቁ በመልኩ መናቅ ግን ፍርድ ነው። እንግዲህ እኛ ወጣቶች «አልወደድኩትም» ከማለታችን አስቀድሞ «ለመሆኑ አውቀዋለሁን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።