ፉልሃም ያስተማረው ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የእንግሊዝና አንድ የአሜሪካ ቡድን ስማቸው በሽንፈት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ደርቢ ካውንቲ በፕሪሚየር ሊጉ ካደረጋቸው 38 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። 11 ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ መውረዱንም ገና በማርች ወር አረጋገጠ። ዲትሮይት ላየንስ ደግሞ በዚያው ዓመት በጀመረው የአሜሪካን ፉትቦል ውድድር 16 ጊዜ ተጫውቶ 16 ጊዜ ተሸነፈ። ደርቢ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ላየንስ ግን በቀጣዩ ዓመትም እዚያው ሊግ ውስጥ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም መጨረሻ በመውጣቱ ከኮሌጅ ከሚመጡት ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ተሰጠውና ማቲው ስታፎርድን ወሰደ።

የአሜሪካ ስፖርት ተመልካች ያደገው በዚህ ሥርዓት ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ያዝናል፣ ይናደዳል፤ በሽንፈቱ ምክንያት ከሊጉ ይባረራል ብሎ ግን አይሰጋም። እርግጥ ሌላ ስጋት አለበት፤ ባለቤቱ ቡድኑን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው ይችላል። በዚያው በ2008 የሲያትል ሰዎች የቅርጫት ኳስ ቡድናቸውን ሱፐርሶኒክስን ለኦክላሆማ ሲቲ አስረክበዋል። ያ ግን በሜዳ ላይ የሚታገሉት ነገር አይደለም፤ ደጋፊው ምንም ያህል ቢጮህ ውሳኔው የሚሰጠው በቢሮ ነው።

የአውሮፓን እግር ኳስ ከሩቅ የሚከታተሉ አሜሪካውያን ሲነሱ የፉልሃምን የ2007/08 የውድድር ዓመት የማነሳው ለዚህ ነው። ፉልሃም በምዕራብ ለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው ክሬቨን ኮቴጅ የሚጫወት፣ አንድም ትልቅ ዋንጫ አንስቶ የማያውቅ ክለብ ነው። በዚያ ዓመት ግን አምስት አሜሪካውያን ማሊያውን ለብሰውለታል፤ ብራያን ማክብራይድ፣ ክሊንት ዴምፕሲ፣ ካርሎስ ቦካኔግራ፣ በረኛው ኬሲ ኬለርና በጥር ወር የመጣው ኤዲ ጆንሰን። ክለቡን ፉልሃሜሪካ እያሉ የሚጠሩትም ነበሩ። ማክብራይድ በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ጋር ሲጫወቱ በዳንኤሌ ዴ ሮሲ ክርን ተመትቶ ፊቱ በደም ከተሸፈነ በኋላ ታክሞ ወደ ሜዳ የተመለሰው አጥቂ ነው። ዴምፕሲ ከቴክሳሷ ናኮግዶቸስ የመጣ የድሃ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን ወላጆቹ ለልምምድ ዳላስ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል እየነዱ ያመላልሱት ነበር። በሜይ 2007 ሊቨርፑል ላይ ያስቆጠራት የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ጎሉ ፉልሃምን በሊጉ ለማቆየት ትልቅ ድርሻ ነበራት።

እንግዲህ የኦሃዮ ወይም የካሊፎርኒያ ሰው ፉልሃምን መከታተል የጀመረው ለአገሩ ልጆች ብሎ ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ከሩቅ የሚመጣ ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ በር የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ከገባ በኋላ የጠበቀው ነው።

ማክብራይድ ገና በኦገስት ሚድልስብራ ላይ ጎል ሲያስቆጥር የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው ወልቆ ለወራት ከሜዳ ራቀ። ቡድኑ መሸነፍ ለመደ። በዲሴምበር አሰልጣኙ ላውሪ ሳንቼስ ተሰናብቶ ሮይ ሆጅሰን ተተካ፤ ለውጡ ቶሎ አልታየም። ኤፕሪል ሲገባ ፉልሃም ወራጅ ቀጠናው ውስጥ ነበር። ከዚያ በኤፕሪል 12 ሬዲንግን በራሱ በሬዲንግ ሜዳ 2 ለ 0 አሸነፈ። ፉልሃም ከሜዳው ውጪ ሲያሸንፍ ከሴፕቴምበር 2006 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ አንዷን ጎል ያገባውም ከጉዳቱ የተመለሰው ማክብራይድ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ 2 ለ 0 እየተመራ 70ኛው ደቂቃ ደረሰ። ብዙ ሰው ፉልሃምን የቀበረው ያኔ ነው። ዲዮማንሲ ካማራ አንድ አገባ፣ ዳኒ መርፊ አቻ አደረገ፣ በባከነ ሰዓት ካማራ ደገመና 3 ለ 2 ሆነ።

የመጨረሻው ቀን ሜይ 11 ነበር፤ በእኛ ግንቦት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት። ጨዋታዎቹ በሙሉ በአንድ ሰዓት ተጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ኒውዮርክ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ሲያትል ላይ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ፉልሃም በፖርትስመዝ ሜዳ ባዶ ለባዶ ነበር። በሌላ ሜዳ ሬዲንግ የወረደውን ደርቢን እየመራ ስለነበር ውጤቱ እንዲህ ካለቀ ፉልሃም ወራጅ ነው። ለአሜሪካ ተመልካች ሌላም የሚከብድ ነገር ነበረበት፤ የሬዲንግ በረኛ ማርከስ ሃነማንም አሜሪካዊ ነበር፤ ያውም እንደ ኬለር ከዋሽንግተን ግዛት የወጣ። ከሁለቱ የአንድ አካባቢ በረኞች አንዱ መውረዱ ላይቀር ነው። በ76ኛው ደቂቃ ጂሚ ቡላርድ ቅጣት ምት አሻገረ፣ መርፊ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ፉልሃምና ሬዲንግ እኩል 36 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ፉልሃም ከዜሮ በታች 22፣ ሬዲንግ ከዜሮ በታች 25 የግብ ክፍያ ስለነበራቸው፣ በሦስት ጎል ብልጫ አንዱ ቀረ ሌላው ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያን ጠዋት በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ አሜሪካዊ የሚጠብቀው ዋንጫም ሜዳሊያም አልነበረም፤ 17ኛ ደረጃን ነው። ባደገበት ስፖርት 17ኛ ለመውጣት የሚያለቅስ ሰው የለም። በሦስት ጎል ልዩነት ግን የሚወደው ነገር ሊወሰድበት እንደሚችል ያኔ ገባው። እኔ እንደማምነው ከሩቅ ያለን ሰው ከአንድ ቡድን ጋር የሚያስተሳስረው ይህ ነው፤ የለንደኑ ደጋፊ የሚፈራውን እሱም መፍራቱ። የዋንጫ ደስታን በአንድ ሌሊት መጋራት ይቻላል፤ ለዚያ ማሊያ ገዝቶ መልበስ ይበቃል። ፍርሃቱን ለመጋራት ግን ደረጃ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ እያነበቡ ወራት ማሳለፍ ይጠይቃል።

በዚያ ላይ ጨዋታውን ማግኘት ራሱ ልፋት ነበር። ያኔ ፕሪሚየር ሊጉ የሚታየው ፎክስ ሶከር ቻናልና ሴታንታ በሚባሉ ጣቢያዎች ነበር፤ ለብዙው ተመልካች ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። የሴታንታ ነገር ለኢትዮጵያዊ ቅርብ ነው። የመሠረቱት ሁለት አየርላንዳውያን ናቸው። በ1990ው የዓለም ዋንጫ አገራቸው ከኔዘርላንድስ ጋር ያደረገችውን ጨዋታ ለንደን ላይ የሚያሳይ ጣቢያ ቢያጡ አዳራሽ ተከራይተው፣ ለአገራቸው ልጆች በመግቢያ ክፍያ አሳዩ። የእኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በአሜሪካ የአየርላንድ መጠጥ ቤቶችም እንዲሁ በር ላይ አስከፍለው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ቡና እያፈሉ ያስተናግዱ ነበር። ለንደን ላይ ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው።

እኛም ከሩቅ የምንደግፍ ሕዝብ ነን፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ክርክር በየታክሲው አለ። ስለ መውረድ ማንም አያስተምረንም፣ በአገራችን ሊግ እናየዋለን። ሆኖም ከባሕር ማዶ ቡድን ስንመርጥ አብዛኛዎቻችን የማይወርደውን እንመርጣለን። ለዚህ ነው ለእነዚያ ፉልሃምን ለያዙ አሜሪካውያን ትልቅ አክብሮት ያለኝ።

ማክብራይድ በዚያው ክረምት ክለቡን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ፉልሃምም ክሬቨን ኮቴጅ ውስጥ ያለውን መጠጥ ቤት በስሙ ሰየመለት። ቡድኑ ቀጥሎ 7ኛ ወጣ። በማርች 2010 በአውሮፓ ሊግ ዩቬንቱስን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ዴምፕሲ በበረኛው አናት ላይ አሳልፎ አገባት። እስከ ፍጻሜው ደርሶ በጭማሪ ሰዓት በአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸነፈ። ያን የመሰለ ዓመት በ2008 ፉልሃም ቢወርድ ኖሮ የሚታሰብ አልነበረም።

በ2013 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ ለሦስት ዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የፕሪሚየር ሊጉን መብት ያዘ። ሁሉም ጨዋታ፣ የታችኞቹም ጭምር፣ በየአሜሪካዊው ቤት ገባ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ደንብ ቅዳሜ 9 ሰዓት የሚደረጉትን ጨዋታዎች በአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ አሜሪካዊው ለንደን ያለው ሰው ቤቱ ሆኖ የማያየውን ማየት ቻለ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ግን ፉልሃም ወረደ። ሜይ 3 ቀን 2014 በስቶክ 4 ለ 1 ተሸንፎ አበቃለት። የክለቡ ባለቤት ሻሂድ ካን የአሜሪካን ፉትቦሉ ቡድን የጃክሰንቪል ጃጓርስም ባለቤት ነው። ጃጓርስ ከ16 ጨዋታ 4 ብቻ አሸንፎ ነበር፤ ፉልሃም ከወረደ ከአምስት ቀን በኋላ በተደረገው የኮሌጅ ወጣቶች ምርጫ በ3ኛ ተራ ብሌክ ቦርትልስን ወሰደ። አንድ ባለቤት ለሁለት ደካማ ቡድኖቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከአንዱ ሊግ ቅጣት ከሌላው ካሳ ተቀበለ።

በ2015 የሴንት ሉዊሱ ልጅ ተከላካዩ ቲም ሪም ከቦልተን ወደ ወረደው ፉልሃም መጣ። በ2018 አብሮት ወጣ፣ በ2019 ወረደ፣ በ2020 ወጣ፣ በ2021 ወረደ፣ በ2022 እንደገና ወጣ። አምበልም ሆነ። ያኔ ከባሕር ማዶ ሆነው ይህን ሁሉ ከተከታተሉ አሜሪካውያን መካከል ማክብራይድን ብለው የመጡ፣ ማክብራይድ ከሄደ ከዓመታት በኋላም በታችኛው ሊግ በሻምፒዮንሺፑ የማክሰኞ ምሽት ጨዋታ ሥራ ቦታቸው ሆነው ውጤት የሚጠይቁ ነበሩ።