የሯጭ ዕድሜ የማን ነው?

በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች የገበሬ መንደር በ1924 ዓ.ም. የተወለደው አበበ ቢቂላ ሩጫን ከማወቁ በፊት ጦርነትን አወቀ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ወደ ጎሮ ተሰደደ። ልጁ ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን እኩል ነበሩ፤ በማግሥቱ መሬቱ የጌታው፣ ጉልበቱ የጭሰኛው ሆኖ ይቀጥላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ያ ሥርዓት የከፈተው በር ጥቂት ነበር፤ ክህነት፣ የጌታ ደጅ ወይም ውትድርና። አበበ ክቡር ዘበኛ ገባ። ደመወዝ፣ ቀለብ፣ የልምምድ ጊዜና እንደ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያለ አሠልጣኝ በአንድነት የሚገኙት በጦር ሠፈር ነበርና። ማሞ ወልዴም ከዚያው ቤት ወጣ፤ ምሩፅ ይፍጠር ከአየር ኃይል። ስለ ሯጮቻችን ሲወራ የደጋው አየር ሁልጊዜ ይነሣል። አየሩማ ከጥንትም ነበረ!

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ሮማ ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. ያስጋዘው የአክሱም ሐውልት በሩጫው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ድሉን ሕዝቡ ሁሉ የራሴ ቢል ማን ይፈርድበታል? ታዲያ ድሉ የሁላችን ከሆነ፣ የሯጩ ዕድሜስ የሁላችን ነውን?

የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ፣ በ1968 ዓ.ም. ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩፅም አብሮ ቀረ። አድማው ትክክል ነበር እላለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት ስብሰባ የተቀመጡት ሰዎች አልነበሩም። ምሩፅ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ ዕዳው የተሰረዘ መሰለን።

የበላይነህ ዴንሳሞ ነገር ይከብዳል። ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ለአሥር ዓመት ያህል የበለጠው አልተገኘም። ከአምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሎምፒክ ሲከፈት ግን አገሩ ለሰሜን ኮሪያ ወዳጅነት ስትል ቀርታ ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ ሶቪየት ኅብረትን ተከትላ እንደ ቀረች ሁሉ። ሞንትሪያልንና ሴኡልን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልችልም። በመጀመሪያው፣ ወሳኙ ሰው የሯጩን ዓይን እያየ ምክንያቱን ሊነግረው ይችል ነበር። በሁለተኛው ምን ይለዋል?

ወታደር ትእዛዝ ይቀበላል የሚሉ አሉ። ወታደርም ቢሆን የሚሞትለት ነገር ይነገረዋል። አበበ ከሮማ ድሉ እስከ መጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋው የቀረው ስምንት ዓመት ተኩል ብቻ ነበር፤ ሦስት ኦሎምፒክ የገባው በዚያች ዘመን ውስጥ ነው። ከሦስቱ አንዱን፣ የቶኪዮውን እንበል፣ በስብሰባ ቢወስዱበት ኖሮ በምን ይመልሱለት ነበር?